የነሐሴ ኮከቦችና የእድራችን ጥሩምባ

ቡታጅራ መጥታችሁ መናኸሪያው በር ላይ የቆመውን ማንኛውንም ባጃጅ «ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ ቤት ውሰደን» ብትሉት፣ ሰፈሩን ሳይጠይቅ ደጄ ድረስ ያመጣችኋል። ባለቤቴ ሽታዬ ይህን ስናገር በሰማች ቁጥር «ባጃጁ የሚያውቅህ መንገዱ እኛ በር ላይ ስለሚያልቅ ነው» ትላለች። እናንተ የእኔን እመኑ። እሷ አብራኝ ብዙ ስለኖረች ለምዳኛለች። ዘቢዳር ተራራንም ቢሆን እኛ ቡታጅራዎች ቀና ብለን የምናየው እንግዳ ሲመጣ ነው።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር የማውቀው እስከ ግማሹ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ሌላ ስኳር ገዢ ወስዶታል። የጎደለውን በገዛ ጭንቅላቴ እየሞላሁ እዚህ ደርሻለሁ። ሬዲዮ መጠገንም ማንም አላስተማረኝም። አንዱን ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ጥቂት ብሎን ተረፈኝ፣ ሬዲዮውም ተናገረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋብሪካዎች ብሎን ያበዛሉ የሚል እምነት አለኝ።

የምኮራው ግን በሬዲዮ አይደለም። እኔ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጥልኛል። የእድር ጥሩምባ መንፋት ምን ዕውቀት ይፈልጋል ብሎ ነው። እስቲ ይሞክረው። ሰው ሲያርፍ ንጋት ላይ ሰፈሩን እየዞርኩ እነፋለሁ፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። ድምፁ ከልክ በላይ ከጮኸ ልበ ደካማውን ይዞ ይሄዳል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ሟቹን ያሳንሰዋል። ልኩን የማውቀው እኔ ነኝ። ለባለ ፎቁም ለጉሊቷ ሴትዮም ያው አንድ ትንፋሽ ነው የምሰጠው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ በሚቀባበርበት በእኛ እድር፣ እኔ ሳልነፋለት አፈር የለበሰ ጎረቤት የለም።

ጥሩምባው ሕግ አለው። ከሞት በቀር ለምንም አይነፋም። ለስብሰባ አይነፋም፣ ለሠርግ አይነፋም፣ ቤት ሲቃጠል እንኳ በአፋችን ነው የምንጣራው። ይህን ሕግ አስታውሱልኝ፤ በኋላ ታስፈልጉኛላችሁ።

የእድራችን ጸሐፊ ምትኩ ይባላል። አስፋልቱ ዳር ሞባይል ቤት አለው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፋቱ ሁሉን ነገር በስልክ መጨረስ መውደዱ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ በተደረገው ስብሰባ ብድግ ብሎ ምን አለ? ጥሩምባው በክብር እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ከእንግዲህ ሰው ሲሞት በስልክ ግሩፕ መልእክት ይላክ፤ ጋሼም ደክመዋል፣ ይረፉ። ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ። ደክመዋል የተባልኩትም እኔ ነኝ። ነገሩ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ባለው እሁድ ጉባኤ እንዲወሰን ተቀጠረ።

እንቅልፍ አጣሁ። እስቲ የእኔን ሞት አስቡት። ዕድሜ ልኬን ለሰው ሁሉ ነፍቼ፣ የእኔ ቀን ሲደርስ የሰዉ ኪስ ውስጥ «ጢን» ይላል። ሰውየው ስልኩን ያወጣል። ከላይ የጫማ ማስታወቂያ፣ ከታች የፍየል ቪዲዮ፣ መሐል ላይ እኔ። አውራ ጣት የቆመበትን ምልክት ተጭኖ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ወደ መቃብር በአውራ ጣት ልሸኝ ነው።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ሬዲዮ የደረሰልኝ። ነሐሴ ገብቶ ነበር። አንድ የተጠገነ ሬዲዮ በሌሊት ስፈትሽ፣ ከባሕር ማዶ በአማርኛ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ያዘልኝ። ሰውየው ስለ ተወርዋሪ ኮከቦች ያወራል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ምድራችን አንድ ጅራታም ኮከብ ጥሎት በሄደው ትቢያ ውስጥ ታልፋለች፣ ትቢያው አየራችን ውስጥ ሲገባ እየነደደ ይወርዳል፣ ሰማዩ የሚዘንብ ይመስላል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተመልከቱ አለ። «ደስ የሚል የበጋ ሌሊት» ሲል በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ጆሮዬ ወጣ። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ልብ ያልኩት በኋላ፣ ቦቲ ጫማዬ ውሃ ሲሞላ ነው።

ጭንቅላቴ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ሰፈሩን ሁሉ ሌሊት ሜዳ ላይ ሰብስቤ ሰማይ ሲዘንብ ባሳየው፣ እንዲህ ካለ ሰው እጅ ጥሩምባ የሚቀማ ማን ይኖራል?

በማግስቱ ሐጂ ሙዘይን ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ የእድራችን ዳኛ ነው፤ ብርድ ልብስና የዝናብ ላስቲክ ይሸጣል። እኔ በረመዳኑ ፊቱ ሳልበላ፣ እሱ በጾሜ ሥጋ ሳይጠብስብኝ አብረን ያረጀን ወዳጆች ነን።

«ሐጂ፣ ከነገ ወዲያ ሌሊት ኮከብ ይዘንባል» አልኩት።

«ላስቲክ ላውጣ?» አለኝ።

ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ሳይንሱን ጭምር። ሐጂ ጢሙን እያሻሸ ሰማኝና «እኛ ዘንድ የሚወረወር ኮከብ ሸይጧን የሚባረርበት ነው። ይህን ያህል ከተወረወረ ሸይጧኑ በዝቷል ማለት ነው። በየትኛው ሰፈር ይሆን?» አለ።

ሳሙና ልትገዛ የመጣችው እማማ ብርቄ ከደጅ ሆና ታዳምጥ ነበር። እማማ ብርቄ የሰፈራችን ታማሚ ናት። ከማውቃት ጀምሮ ልትሞት ነው ይባላል፤ እስካሁን ሊጠይቋት የመጡትን ስትቀብር ኖራለች።

«እኛ የምናውቀው ኮከብ ሲወድቅ ሰው እንደሚሞት ነው» አለች።

«እማማ፣ ኮከብ አይደለም። ትቢያ ነው።»

«እንደ ዝናብ ይወርዳል አላልክም? ታዲያ ማን ማንን ይቀብራል? እድሩ ያለው አንድ ድንኳን ነው።»

ሐጂ እንደ እድር ዳኛነቱ ይህ ጉዳይ አሳሰበው፤ ስለ ሁለተኛ ድንኳን ትንሽ ተነጋገሩ። በመሐሉ ምትኩ ደረሰ። ሲሰማ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ይልቅ ዓይኑ በራ።

«ጋሼ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔ ግሩፑ ላይ እጽፈዋለሁ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ኮከቡን ማምጣት ብቻ ነው» አለ።

«እሱን ለእኔ ተወው።»

«እንግዲህ ሰው በስልክ ጥሪ በሌሊት ከወጣ፣ እሁድ ብዙ መከራከር አያስፈልገንም ማለት ነው።»

ነገሩ ሲገባኝ ፊቴ ላይ እንዳይታወቅ ሳቅኩ። ሕዝቡ ከመጣ ስልኩ ረታ፤ ካልመጣ እኔ ባዶ ሜዳ ላይ መሳቂያ ሆንኩ። በሁለቱም በኩል ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ያለ ቦታ መግባቱ እኔንም ገረመኝ።

ያቺ ሌሊት ደረሰች። ከማታ ጀምሮ መብራት ጠፍቷል። ዘቢዳር ደመናውን እየጠቀለለ ወደ ከተማው ይልካል፤ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይንጣጣል። ጋቢዬን ደርቤ፣ በላዩ ላስቲክ ለብሼ፣ ቦቲዬን ተጫምቼ ስወጣ ሽታዬ ነጠላዋን ተከናንባ ለሌሊቱ የፍልሰታ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በር ላይ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ያባራል።»

«ሬዲዮው ነገረህ?»

 ዓይኗ ብብቴ ሥር አረፈ።

«ጥሩምባው ምን ሊያደርግልህ ነው?»

«ቤቱ ውስጥ እርጥበት አለ። ዝገት እንዳይዘው ብዬ ነው።»

«ውጪስ?»

 በሩን ቆልፋ ሄደች።

እድሩ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ስደርስ አንድ ትልቅ ዣንጥላ ብቻ ቆሟል። ሥሩ ሐጂ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ፔርሙዝ ሻይ አሉ።

«የምትኩ ሕዝብ የታለ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ግሩፕ አይገባም።»

የእድራችን ዳኛ ግሩፑ ውስጥ እንደሌለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ሜዳው ባዶ ነው፣ ምትኩ ራሱ የለም፣ ነገ ጠዋት ስልኩ አልሠራም አይባልም፤ የሚባለው ሽማግሌው ዘባረቀ ነው።

ተቀመጥን። ዝናቡ ሲበረታ ተጠጋጋን፣ ሲያባራ ተራራቅን። እኔ ዕውቀቴን አልደበቅኩም፤ ሰሜን ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ፣ ጅራታም ኮከብ ለምን ጅራት እንዳበቀለ፣ ከራሴ የጨመርኩትንም ሳይቀር አብራራሁ።

«ወላሂ፣ እስካሁን ያየሁት የዣንጥላዬን ቀዳዳ ነው» አለ ሐጂ።

«ታገሥ።»

«እኔ ታግሻለሁ። ወገቤ ነው ያልታገሠው።»

ሻዩ አለቀ። ሐጂ አንገቱን ደረቱ ላይ ጥሎ ማንቀላፋት ጀመረ። እኔም ቢሆን ልቤ ወልቆ ነበር። እንግዲህ ተነሥ ልለው እጄን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ነው፣ በምሥራቅ፣ ከመቂ በኩል ያለው ደመና መጋረጃ እንደሚገለጥ ዓይነት የተገለጠው። መብራት የለም፣ ጨረቃ የለችም። ከተማው በሙሉ እንደ ጉድጓድ ጠቁሯል፤ ሰማዩ ብቻ ታጥቦ ወጥቷል። ገና አፌን ሳልከፍት አንድ ነጭ ነገር ከመስጊዱ ራስ በላይ ተነሥቶ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ሰማዩን እስከ ዘቢዳር ድረስ ጫረው።

«ሱብሃነላህ» አለ ሐጂ። እንቅልፉ የት እንደሄደ አላውቅም።

ሌላ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፤ እሱ አረንጓዴ ነገር ነበረው። ከዚያ ሁለቱ ተከታትለው። ዕድሜዬን በሙሉ ሬዲዮ አምኜ ስኖር ሬዲዮ እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም። ዕንባዬ መጣ፤ ለሐጂ ዝናብ ነው አልኩት።

ይህ ሁሉ በሁለት ሽማግሌ ዓይን ብቻ ሊባክን ነው። ያውም ሐጂ መነጽሩን ቤት ረስቷል። እሁድ ጉባኤው ፊት «አየህ ወይ?» ሲባል ምን ሊል ነው? ደመናውም ተመልሶ እየመጣ ነው፤ ቤት ለቤት ለማንኳኳት ጊዜ የለም። እጄ ወደ ብብቴ ሄደ።

«እንዳታደርገው» አለ ሐጂ።

«ቀስ ብዬ ነው።»

«ጥሩምባ ቀስ አያውቅም። ሕጉን ታውቀዋለህ።»

«የሐዘን አነፋፍ አይደለም። የደስታ አድርጌ ነው፤ አጠር ያለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል። ሰው ይለየዋል።»

የደስታ አነፋፍ የሚባል ነገር ከዚያ በፊት ነፍቼ አላውቅም። እንደ ሬዲዮው ነው፤ ሲሞከር ይመጣል ብዬ ነው። የረሳሁት ነገር ጥሩምባው ብብቴ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠራቀምበት ማደሩን ነበር። ነፋሁት። የወጣው ድምፅ የደስታም የሐዘንም አይደለም፤ ጉሮሮው ላይ ድንች የቆመበት በሬ ድምፅ ነው። ደነገጥኩና ላስተካክለው ደግሜ ነፋሁ። ሁለተኛው ከፊተኛው ባሰ።

መጀመሪያ ውሾቹ ጀመሩ። ከዚያ የበር መቀርቀሪያ ሲከፈት፣ ከዚያ በየግቢው የባትሪ መብራት፣ ከዚያ «ማነው? ማነው?» የሚል ጥሪ፣ ከዚያ ከታችኛው መንደር አንዲት ሴት ማንነቱን ሳታውቅ «ወየው» ብላ ለቅሶውን ከፈተችው።

ሐጂ ዣንጥላውን ቀስ አድርጎ አጠፈ። «እንግዲህ ማን እንደሞተ አስብ» አለኝ።

ሰዉ መጀመሪያ የሮጠው ወደ እማማ ብርቄ ቤት ነው። ተራው የእሷ ነው የሚል የቆየ ስምምነት ስለነበረ ማንም አልተጠራጠረም። እኛም ከኋላ ከኋላ እንሮጣለን፤ ሮጥን ስል እኔ በቦቲ ሙሉ ውሃ፣ እሱ ወንበሮቹን ተሸክሞ። «ማንም አልሞተም» ብዬ እጮሃለሁ፤ በዚያ ዋይታ መሐል ግን የእኔም ጩኸት ከለቅሶው ተቆጠረ። እማማ ብርቄ በሯን ከፍታ ወጣች፣ ደጇ ላይ ሰው ሲያለቅስ አየች፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ደረቷን እየመታች ተቀላቀለች። ጥቂት አብረው እንዳለቀሱ አንዱ ባትሪውን ፊቷ ላይ አበራ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«አልሞቱም?»

«እኔ ምን ላውቅ፣ ጥሩምባው ሲነፋ ሰምቼ ወጣሁ» አለች።

 ከዚያ ከመሐላቸው አንዱ፣ ጆሮ ያለው ሰው ነው፣ «ቆይ፣ ነፊው ለምን ስም አልጠራም? እሱ ስም ሳይጠራ አያልፍም» አለ። ሌላው «ድምፁም የእሱ አይደለም። የእሱ ጥርት ያለ ነው። ይህን ሌላ ሰው ነው የነፋው» ብሎ ጨመረ። «ታዲያ እሱ የት ሄዶ?» አለች አንዲት ሴት። እኛ እያለከለክን ከመድረሳችን በፊት ሁሉም አንድ ላይ ወደ እኔ ቤት ሮጠ።

ቤቴ በውጪ ተቆልፏል። ሽታዬ የለችም። በሌሊት በሩ ተቆልፎ ሁለቱም ከጠፉ፣ ሆስፒታል ወስዳው እዚያው አርፎ ነው ተባለ። ነገሩ በእኔ ላይ ባይሆን ኖሮ እኔም አምነው ነበር። ወጣቶቹ እድሩ ቤት ሄደው ድንኳኑን አመጡ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። በዚያ ጨለማና ጭቃ ውስጥ ድንኳን በዚያ ፍጥነት ሲቆም አይቼ አላውቅም። አግዳሚው ገባ፣ ፋኖስ ተሰቀለ፣ ሰው ተቀመጠ፤ የእኔ ለቅሶ በደንብ ተጀመረ።

ሐጂና እኔ አጥሩ ጥግ ካለው የእንሰት ተክል ሥር ደርሰናል።

«ግባ እንጂ» አለ ሐጂ።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።

ምን አስቆመህ ትሉኝ ይሆናል። በራሳችሁ ለቅሶ ላይ ቆማችሁ እዩት፤ አንድ ቃል አያመልጣችሁም። ፊት የመጣው የጎረቤቴ ድምፅ ነው። «ወይኔ ወንድሜን፣ ሬዲዮዬን ሳይመልስልኝ» አለ። እውነት ለመናገር የእሱ ሬዲዮ አስቸጋሪ ነበር፤ ብሎኑ አልተረፈም፣ ጎደለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «አፉ ነበር እንጂ ልቡስ ንጹሕ ነው» አለች።

«አፉ ነበር ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት ሐጂን።

«ገብተህ ጠይቃት።»

ሌላው ስለ ጉራዬ አንድ ሁለት ነገር አነሣ፤ ሲያለቅሱ ከነበሩት መሐል የሳቀም ነበር። ልገባ እግሬን ሳነሣ እማማ ብርቄ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ድንኳኑ ግን ዝም አለላት።

«ለሁላችን እሱ ነፋ። ለእሱ ማን ነፋለት?»

ማንም አልመለሰም። ዝናቡ ድንኳኑን ይመታል። በመጨረሻ ያ ጆሮ ያለው ሰውዬ «ማንም ይሁን፣ አበላሽቶበታል» አለ።

እግሬ እዚያው ቀረ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ ተሰማኝ፤ እኔ አላየሁትም።

ይህን ጊዜ ሽታዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ደጇ ላይ ድንኳን ስታይ ቆመች፤ ሴቶቹ እሷን ሲያዩ ለቅሶውን አደሱት፤ ሁለቱ ብብቷ ሥር ገብተው ደገፏት።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

«አይዞሽ ሽታዬ፣ ጠንክሪ።»

«እኮ ማን?»

«ባለቤትሽ።»

 «የእኔ ባለቤት?» አለች። «አይሆንም። እሱ አስቀድሞ ለሰው ሳያወራ የሚሞት ሰው አይደለም።» ከዚያ ፋኖሱን ከተሰቀለበት አውርዳ ወደ አጥሩ ከፍ አደረገችው። «እንሰቱ ሥር የቆመው ማነው? ቦቲው የእኔ ቤት ቦቲ ነው።»

ወጣሁ። ጥሩምባው እጄ ላይ ነበር፤ የምደብቅበት ቦታ አጣሁ።

ስላልሞትኩ የተደሰተ ሰው ካለ ያን ሌሊት አልነገረኝም። ከእንቅልፍ የተነሣው፣ ጭቃ የገባበት፣ ዕንባውን የጨረሰው ሁሉ በአንድ አፍ ተናገረኝ። ሕጉ ተጣሰ፣ በሞት ተቀለደ፣ ጥሩምባው አሁኑኑ ይቀማ ተባለ። በዚህ መሐል ምትኩ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ እያለከለከ ደረሰ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

«አንተ የት ነበርክ? ግሩፕህ የት ነበር?» አለው ሐጂ።

«መብራት ስለጠፋ ስልኬ ዘጋ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥሩምባውን ሰምቼ ነው የ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ አፉን ዘጋ። ዘግይቷል። ሁሉም ሰምቶታል።

ሐጂ ወንበሮቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዳኛ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል። «ፍርዱ እሁድ ነው። አሁን ግን ድንኳኑን ግለጡት» አለ።

«ዝናብ ነው እኮ ሐጂ።»

«አባርቷል። ግለጡት አልኩ።»

ወጣቶቹ እያጉረመረሙ ገመዱን ፈቱና ሸራውን ወደ ኋላ ጎተቱት። እላያችን ላይ ሰማዩ ክፍት ነበር። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ለእኔ ሊያለቅሱ የመጡት በሙሉ ቀና አሉ። አንዱ ረጅም መስመር አስምሮ ወረደ። ሁለት አነስ ያሉ ተከተሉት። አንዱ ደግሞ ጭራው ከሄደ በኋላ እንኳ ትንሽ ቆየ። ሰፈራችን እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ውሾቹ እንኳ ተቀምጠዋል።

«ይኼ ሁሉ ሰው?» አለች እማማ ብርቄ በሹክሹክታ።

«እማማ፣ ትቢያ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ሰውስ ታዲያ ምንድነው?»

ስለዚህኛው ሬዲዮው የተናገረው ነገር አልነበረም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምጨምረው አጣሁ።

ደመናው ዘቢዳርን ለቅቆ መጣና ሁሉን ዘጋው። ሰዉ ቀስ እያለ ተነሥቶ ሄደ። ጎረቤቴ በበሩ ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሬዲዮዋን ግን» አለኝ።

እሁድ ጉባኤው ሞላ። ምትኩ እንደ ወትሮው ወረቀት አልያዘም። ሐጂ ተነሥቶ ረጅም ንግግር አላደረገም። «በስልኩ የመጣ እጁን ያንሣ» አለ። እጅ አልተነሣም። «በጥሩምባው ያልመጣ እጁን ያንሣ» አለ። አሁንም እጅ አልተነሣም። ጥሩምባው ባለበት ይቆያል ተባለ። እኔ ልነሣ፣ ሁለት ቃል ልናገር ጋቢዬን ሳስተካክል ሐጂ በእጁ አስቀመጠኝ።

«ነፊው ግን ሕግ ጥሷል። ጭቃ የነካውን ድንኳን በገዛ እጁ ያጥባል። ሁለተኛ፣ ያን ሌሊት እማማ ብርቄ አንድ ነገር ጠይቃ መልስ አላገኘችም። እሱ የሞተ ቀን የሚነፋ ሰው የለንም። ስለዚህ አንድ ሰው ያሠልጥን።»

ማን እንደሆነ ጠየቅን። ከወጣቶቹ አንዱን የሚያነሣ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ግን ጥምጣሙን አስተካክሎ «እኔ ነኝ» አለ። «ያንተን ቀን ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ድንኳኑን አጠብኩት፤ እንደ እኔ ያጠበው ሰው በእድሩ ታሪክ የለም። ሥልጠናውም ተጀምሯል። ከአሱር ሶላት በኋላ ሐጂ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ከእድሩ ቤት ጀርባ እንቆማለን፣ ጉንጩ እስኪቀላ ይነፋል። የሚወጣው ድምፅ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ነው፤ እንዲያውም አንዴ የሰው ላም ከግጦሽ ጥላ መጥታለታለች። ምትኩም ሥራ አግኝቷል። ልምምድ በጀመርን ቁጥር ግሩፑ ላይ «ሐጂ ናቸው፤ ማንም አልሞተም» ብሎ ይጽፋል፤ ሰዉም አውራ ጣት ይልክለታል። ስልክ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነገር መሆኑን እኔም አምኛለሁ።

«ከንፈርህን አጥብቅ፣ ከሆድህ ሳበው» እለዋለሁ።

«ደረስኩ?» ይለኛል።

«ገና ነህ።»

ሽታዬ ጉንፋን ሲይዘኝ ሐኪም ቤት እንሂድ ትለኛለች። ምንም አልሆንም እላታለሁ። ሐጂ ባለፈው ሳምንት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ፤ ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን። እሱ ጥሩምባውን ከአፉ አውርዶ አየው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ወደ እኔ እያየ መልሶ ሲነፋው ያው ጥጃው ሆነ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልጠየቅኩትም። እኔም በጥጃ ድምፅ የምሸኝ ሰው አይደለሁምና፣ ወዳጄ ሥልጠናውን እስኪጨርስ ድረስ እየኖርኩ ነው።